ቀለህ በዓይን አይለካም

ፊደል ቆጥራችሁ ይህን ጋዜጣ ለምታነቡ ገበሬ ወገኖቼ፤

በመካነ ሰላም ዙሪያ ከአያት የወረደ ዝናር ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ማየት ብርቅ አይደለም። ሠርግ ሲሆን ይወርዳል፤ ትልቅ ሰው ሲሞትም ይወርዳል። በዝናሩ ውስጥ ያለው ጥይት ግን ሁሉም ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ አይደለም። አንዳንዱ አንድ ጊዜ ተተኩሶ፣ ቀለሁ ከመሬት ተለቅሞ፣ እንደገና ባሩድና እርሳስ የተሞላ ነው። የምጽፍላችሁ ስለዚህ ዓይነቱ ነው። አሳቤም አጭር ነው፤ አፉ በአንድ ልክ ያልተቆረጠ ቀለህ አይሞላ፤ ተሞልቶ የተገኘውም አይተኮስ።

«ክረምቱን ሊያስተምር የመጣ ልጅ ስለ ጥይት ምን ያውቃል?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ እኔ ተኳሽ አይደለሁም። ነገሩ የጀመረው በማታው ትምህርት ላይ ነው። ቁጥር እያነበብን ሳለን አንድ አባት፣ ዕድሜያቸው ከአባቴ ይበልጣል፣ እኔን ግን ለቀልድም ለቁም ነገርም «የኔታ» ይሉኛል፣ ከኪሳቸው ሁለት ባዶ የውጅግራ ቀለህ አወጡ። «በል እስቲ የኔታ፣ የትኛው ነው ትክክሉ?» አሉ። እንዲሁ መዳፍ ላይ ሲያዩዋቸው መንታ ይመስላሉ። ማስመሪያ ሰጠኋቸውና ራሳቸው ለኩ። አንዱ 59 ሚሊ ሜትር ሆነ። ሌላው 57። የአጭሩ አፍ ደግሞ በአንድ ወገን ዘመም ብሎ ተሞርዷል። «አባቴ ነው የሞረደው። በዓይኑ ነበር የሚለካው» አሉ፣ ቀስ ብለው።

ትክክሉ 59 ነው። ውጅግራ የምንለው ፈረንሳዮች በፈረንጆች አቆጣጠር በ1874 ያወጡት ግራ የተባለ ጠመንጃ ነው፤ ስሙም ከዚያው የመጣ ነው። የአፈሙዙ ስፋት 11 ሚሊ ሜትር፣ የቀለሁ ቁመት 59 ሚሊ ሜትር ተብሎ የተሠራ ነው። በአገራችን ከመብዛቱ የተነሣ ጥይቱ እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ 1887 ዓ.ም. የሚል የተጻፈባቸውን ብሮች ካሠሩ በኋላም ቢሆን ገበያ ላይ ጥይት እንደ አሞሌ ጨው ሁሉ ለዝርዝር ይሰጥ ነበር። ባዶው ቀለህም አይጣልም፣ ይሞላል። ጥይቱ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ውድ ዕቃ ስለነበር አያቶቻችን ሞልተው ቢጠቀሙበት አልፈርድባቸውም። የምጠይቀው ልኩን ብቻ ነው።

የልክ ነገር ለእኛ አካባቢ እንግዳ አይደለም። ከእኛ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ያለችውን መቅደላን አስቡ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ከአምባው ሥር አሮጌ በተባለው ቦታ የአጼ ቴዎድሮስ ሠራዊት ከእንግሊዞች ጋር ገጠመ። የእኛ ሰው በአብዛኛው ባሩዱንም እርሳሱንም በአፈሙዝ በኩል ነበር የሚያጎርሰው። እንግሊዞቹ ግን ስናይደር የተባለ ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ ይዘው ነበር፤ ባሩዱና እርሳሱ በአንድ ልክ በተሠራ ቀለህ ውስጥ ተዘጋጅቶለታል። በዚያ ቀን ወደ 700 የሚጠጋ የእኛ ሰው ወደቀ። በቀለህ ብቻ ተሸነፍን አልልም። መድፍም ሮኬትም ነበራቸው፤ የንጉሡም ጭፍራ ቀድሞ ተመናምኖ ነበር። ቢሆንም አንዱ ጥይት እንደ ሌላው ሆኖ ሲሠራ ምን እንደሚያደርግ በዚያ ታይቷል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ቀለህ ለምን ይረዝማል? ናስ እኮ ይሳባል። ቃታው ተስቦ ባሩዱ ሲነድ ቀለሁ ይነፋና ጠመንጃው ጥይት ከሚጎርስበት ጉሮሮ ግድግዳ ጋር ይጣበቃል። እንደገና ሊሞላ ሲል ደግሞ ተጨምቆ ወደ ቀድሞ ውፍረቱ ይመለሳል። የተጨመቀው ናስ የት ይሂድ? ሊጥ በሁለት መዳፋችሁ መካከል ስታሹት ይቀጥንና ይረዝም የለም? ናሱም እንደዚያው ወደ አንገቱ ይሄዳል። በአንድ ጊዜ የሚጨምረው እጅግ ጥቂት ነው፤ ዓይን አያየውም። ሲደጋገም ግን ይከማቻል።

የጠመንጃው ጉሮሮ ግን አይረዝምም። የረዘመው ቀለህ ሲጎርስ አፉ ከጉሮሮው መጨረሻ ካለው ጠባብ ጠርዝ ጋር ይጋፋል። እርሳሱን ሊለቅ ሲገባው አንቆ ይይዘዋል። ባሩዱ ነዷል፤ መውጫው ግን ጠቧል። ግፊቱ ከልክ ያልፋል፣ ቀለሁን ሊቀደው፣ መዝጊያውንም ሊሰብረው ይችላል። ከመዝጊያው በኋላ ያለው ደግሞ የተኳሹ ጉንጭና ዓይን ነው።

አጭሩስ? አጭሩ እርሳሱን በደንብ አይጨብጥም። አፉ ዘመም ያለ እንደሆነ እርሳሱ ጠማማ ሆኖ ይቀመጣል። አንዱ አጥብቆ ሌላው አላልቶ የያዘ ጥይት በአንድ ዝናር ውስጥ ሲገኝ፣ አንዱ ከፍ ብሎ ሌላው ዝቅ ብሎ ይመታል። የቀንበሩ ሁለት ወገን እኩል ሳይሆን ሲቀር የትኛው በሬ እንደሚጎዳ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ቀለሁም ሁሉም እኩል መሆን አለበት የምለው ለዚህ ነው።

«አባቴ አርባ ዓመት ሲተኩስ ኖሮ ምንም አልሆነም» የሚል ሰው አይጠፋም። ኧረ አይጠፋም፣ እኔንም ብለውኛል። መልሱ እንዲህ ነው። ውጅግራ የሚነድበት ጥቁር ባሩድ ግፊቱ ለዘብ ያለ ነው፤ ብዙ ስሕተት ይችላል። ከእሱ በኋላ የመጡት፣ ጭስ በሌለው ባሩድ የሚሠሩት ጠመንጃዎች ግን ግፊታቸው ብርቱ ነው። በውጅግራ የተለመደውን በዓይን መሞረድ ወደ እነሱ ማዛወር ዓይንን ማስያዝ ነው።

እንግዲህ መለኪያው ምን ይሁን? ስንዝርና ጣት አይሆንም፤ የኔ ስንዝርና የእናንተ ስንዝር አንድ አይደለም። ሚሊ ሜትር ግን መካነ ሰላምም ደሴም ፈረንሳይም ያው ሚሊ ሜትር ነው። ያን ቁጥር ማንበብ ደግሞ አሁን ችላችኋል። ይሁንና የተማሪ ማስመሪያ ትልቁን ስሕተት እንጂ ትንሹን አያሳይም። በሥራው ያሉ ሰዎች ቀለሁን የሚቆርጡት ከተፈቀደለት ከፍተኛ ቁመት ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል አሳጥረው ነው። ሩቡን የሚያሳየው በየጋራዡ ያለው ካሊፐር ነው። እነሱ መጀመሪያ ይጨምቃሉ፣ ቀጥሎ ይለካሉ፣ ከዚያ ይቆርጣሉ፤ ሲጨመቅ ስለሚረዝም ቀድሞ መለካት ዋጋ የለውም። ከተቆረጠ በኋላ በአፉ ውስጥና ውጭ የሚቀረውን ስለት ይፍቁታል። ከግርጌው ጠጋ ብሎ የሚያብረቀርቅ ቀለበት የታየበት ቀለህ ደግሞ ውስጡ ሳስቷል፤ ሊበጠስ ነው፣ ይጣላል።

ይህን የምነግራችሁ እቤታችሁ ምድጃ ዳር ቁጭ ብላችሁ እንድትሞሉ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 አለ፤ ያለ ፈቃድ የሚሠራ ሥራ አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ በዝናሩ ውስጥ ቀድሞ ተሞልቶ የተቀመጠው ነው። ማን እንደሞላው፣ በምን እንደለካው የማታውቁትን ጥይት ለሠርግም ለለቅሶም አትተኩሱ። ባሩድ ያለበትንም ላስተካክል ብላችሁ በሞረድ አትንኩ፤ ከእሳትና ከልጆች አርቁት፣ ለሚመለከተው ክፍል አስረክቡት።

እኒያ አባት በማግስቱ ባዶ ቀለሆቻቸውን በሙሉ በጨርቅ ቋጥረው መጡ። አሥራ አንድ ነበሩ። አንድ በአንድ ለክተው ቁጥሩን ደብተራቸው ላይ ጻፉ። 59 የሆኑት አራት ብቻ ናቸው። ሰባቱን ለይተው በሌላኛው የጨርቅ ጫፍ ቋጠሩና ማስመሪያዬን ለአንድ ሳምንት እንዳውሳቸው ጠየቁኝ፤ ጎረቤታቸውም ዝናር አላቸው።