ይጠብቃል ወይስ ይላላል?

እናንተዬ፣ የዛሬው ጨዋታ የራሴው ጉድ ነው። ለሰው ምክር ስለግስ ኖሬ መካሪ ያጣሁት እኔው ሆንኩ።

ሰሞኑን ከማገባት ልጅ ጋር (ስሟ ይቆየን) ደብረ ታቦር ሄጄ ነበር። የአያቷ ቤት ጋፋት አጠገብ ነው። አዎ፣ አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩበት ጋፋት! አባባ ጉዳይ ስለነበራቸው ይዘናቸው ከተማ ወጣን።

አንድ ልኳንዳ ቤት በር ላይ «ቁርጥ አለ» ይላል። አባባ ቆም አሉና «አለ»ን አላልተው አነበቡት። «ምኑ ነው ቁርጥ ያለው? ገመዱ?» ሳቄን ዋጥኩት። አለፍ እንዳልን ደግሞ «አልጋ አለ» የሚል ታፔላ አየን። «አልጋውስ አለ፣ ንጉሡ የታሉ?» አሉ። ለእኛ ትውልድ አልጋ ያው የሆቴሉ ነው፤ ዱሮ ግን ዙፋንም አልጋ ይባል ነበር፤ ደብረ ታቦር ደግሞ የቴዎድሮስ መቀመጫ ነበረች።

በመጨረሻ ከአንድ መሥሪያ ቤት የመስታወት በር ደረስን። «ይሳቡ» ይላል። አባባ «ሳ»ን ጥብቅ አድርገው አነበቡና፣ «ምን በወጣኝ ነው የምሳበው? ሴባስቶፖል ነኝ እንዴ?» አይሉም! ያ 7 ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ በ1860 ዓ.ም. ገደሉንና ሸለቆውን ሁሉ ተስቦ ነው መቅደላ የገባው።

ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። የአዲስ አበባ ልጅነቴ ተነሣብኝና፣ «አባባ፣ ላላ ተደርጎ ነው የሚነበበው፤ በሩን ወደ ራስዎ ሳብ ያድርጉት ለማለት ነው» ብዬ አስረዳኋቸው። ይባስ ብዬ ወደ ልጅቷ ዞሬ ጠቀስኳት። ፊቷ ልውጥ አለ።

«አባባ እኮ የቆሎ ተማሪ የነበሩ ሰው ናቸው! ንባብ ቤት ተነሽና ወዳቂ ሲለዩ ላደጉ ሰው ነው ፊደል የምታስቆጥረው?»

ለካስ ሲቀልዱብኝ ነው የዋሉት!

ማታ ጉልበታቸውን ስሜ ይቅርታ ጠየቅኩ፤ የሠርጉንም ቀን እንዲቆርጡልን ለመንኳቸው። ፈገግ ብለው ዝም አሉ። አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ ግን በስልኬ መልእክት ላኩልኝ፦ «ሠርጉ ገና ነው።»

ወገኖቼ፣ «ና» ከጠበቀ ሠርጌ በበዓሉ ቀን ነው። ከላላ ደግሞ መቼ እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ልጅቷን ብጠይቃት፣ «አንባቢው አንተ አይደለህ?» ብላ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ቢቸግረኝ ለራሳቸው ጻፍኩላቸው፦ «አባባ፣ ‹ገና› የሚለው ይጠብቃል ወይስ ይላላል?»

መልሱ በማግሥቱ መጣ። አንዲት ቃል ናት።

«ይጠብቃል።»

እስቲ ፍረዱኝ፤ የሚጠብቀው ፊደሉ ነው ወይስ እኔ?