ድንጋዩን ያቆመው የማን አያት ነው?

እዚህ ፌስቡክ ላይ የጥንት ሐውልት ፎቶ በተለጠፈ ቁጥር ኮሜንቱ ያው ነው። «የኛ ነው!» «የለም፣ የኛ ነው!» ከዚያ ስድብ። እስኪ ዛሬ ከኛ ሰፈር ራቅ ብለን የሌላ አገር ድንጋይ እንይ።

ከስኮትላንድ በስተሰሜን ኦርክኒ የሚባሉ ደሴቶች አሉ። እዚያ ሜስሃው የሚባል መቃብር አለ፤ ከውጭ ሲያዩት ሣር የለበሰ ጉብታ ነው። ውስጡ ግን በድንጋይ የተገነባ ክፍል ነው፤ የሚገባው 10 ሜትር ገደማ በሚረዝም ጠባብ መተላለፊያ፣ ጎንበስ ተብሎ ነው። ዕድሜው ወደ 5,000 ዓመት ይጠጋል፤ ከጊዛ ፒራሚዶች ይበልጣል ማለት ነው። የሠሩት ሰዎች ብረት የላቸውም፣ ጽሕፈት የላቸውም። ግን በክረምታቸው፣ ቀኑ በጣም በሚያጥርበት ሰሞን፣ የምትጠልቀው ፀሐይ በመተላለፊያው ገብታ የኋላውን ግድግዳ እንድታበራ አድርገው ነው የሠሩት! በአቅራቢያው፣ በሁለት ሐይቆች መሐል፣ ስቴነስና ብሮድጋር የሚባሉ በክብ የቆሙ ድንጋዮች አሉ። አካባቢው በሙሉ የሥርዓት ቦታ ነበር።

ታዲያ ሠሪዎቹ ምን ቋንቋ ይናገሩ ነበር? ማንም አያውቅም። ከነሱ በኋላ ሌሎች መጡ፣ ከዚያ ኖርዌዮች መጡ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ኖርዌዮቹ መቃብሩ ውስጥ ገብተው ግድግዳው ላይ በፊደላቸው ጫሩበት። ስሙን የጻፈ አለ፣ ስለ ሴት ቁንጅና የጻፈ አለ፣ እዚህ ሀብት ተቀብሯል ያለም አለ። (ተማሪዎቼ ዴስክ ላይ ከሚጽፉት በምንም አይለይም።) በ1468 እ.ኤ.አ. ደግሞ የዴንማርክና የኖርዌይ ንጉሥ ልጁን ለስኮትላንድ ንጉሥ ሲድር የማጫውን ገንዘብ መክፈል አቅቶት ኦርክኒን መያዣ ሰጠ። እንግዲህ የዛሬው ኦርክኒ ሰው «አያቴ ነው የሠራው» ብሎ የሚምልበት ምን ማስረጃ አለው?

ግን ስሙኝማ። በ1814 እ.ኤ.አ. ከውጭ የመጣ አንድ ጢሰኛ ገበሬ «ሰው መሬቴን እየረገጠ አስቸገረኝ» ብሎ የስቴነስን ድንጋዮች ማፍረስ ጀመረ። ከሰባበራቸው አንዱ የኦዲን ድንጋይ ነው። ይሄ ድንጋይ ቀዳዳ ነበረው፤ የሚዋደዱ ሰዎች በቀዳዳው እጅ ለእጅ ተያይዘው ቃል ይገቡበት ነበር። ሕዝቡ ተነሣ፣ የሰውየውን ቤት ለማቃጠል ሞከረ፣ ማፍረሱም ቆመ። ቤት ማቃጠሉን አልደግፍም። ግን ያን ሁሉ ቁጣ ያመጣው የዘር ሐረግ አይደለም። ቃል የገቡበት ድንጋይ ስለሆነ ነው።

የኛው ጢያ ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ሰይፍ የተቀረጸባቸው ድንጋዮች ናቸው፣ ሥራቸው መቃብር ነው። ማን እንዳቆማቸው ስንጨቃጨቅ እንውላለን። ዛሬ ማን ይጠብቃቸዋል ብሎ ኮሜንት የጻፈ ግን አላየሁም። ለኔ ባለቤት ማለት አጥሩ ሲወድቅ የሚያነሣው፣ ልጁ በሚስማር ሲጭር «ተው!» የሚለው ሰው ነው፤ ከየትም ብሔር ይምጣ።

ጢያ አካባቢ፣ ጌዴኦ ወይም ሌላ ትክል ድንጋይ ያለበት ቦታ የምትኖሩ፣ ድንጋዮቹ አሁን በምን ሁኔታ እንዳሉ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ፎቶ ካላችሁም ለጥፉ። የማን ናቸው የሚለውን ለዛሬ እንተወው።