ክትፎ ቤቱ ዘመነ፤ ጠጁስ?

ሰሞኑን ከእናቴ ጋር ቡታጅራ ሄደን አዲስ አበባም ቅርንጫፍ ካለው አንድ ዘመናዊ ክትፎ ቤት ገባን። እውነቱን ልናገር፣ ቤቱ ያምራል። መጸዳጃው ንጹሕ ነው፤ እናቴም ሳትሳቀቅ ተቀመጠች። ድሮ እናትን ይዞ ጠጅ ቤት ማን ይገባ ነበር? ይሄ ትልቅ ለውጥ ነው።

ግን ክትፎው በጣባ ሳይሆን በነጭ ሳህን መጣ። ወዲያው ቀዘቀዘ፣ ቅቤው ረጋ። «ጠጅ አለ?» ስለው አስተናጋጁ ሳቀብኝ። «ድራፍት ነው ያለን።»

ወገን፣ ማርና ጌሾ ምኑ ያሳፍራል? ጣባ የሚሠሩት፣ ጠጅ የሚጥሉት፣ እንሰት የሚፍቁት እናቶች ከገበያው ከወጡ፣ የክትፎ ቤቱ መዘመን ለማን ነው? ወንበሩ ይቀየር፤ ጣባውና ብርሌው ግን ይመለሱ።

ስንወጣ እናቴ «ቤቱስ ደስ ይላል፤ መስቀልን ግን ቤታችን ነው የምንበላው» አለች።