የሕክምና ዕዳ ከተቋማት ጠረጴዛ ወደ ሕመምተኛው ትከሻ እንዳይወርድ

በአዲስ አበባ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የመርካቶ ገበያ በየተራውና በየበረንዳው የተከፋፈለ ሰፊ የንግድ ማዕከል መሆኑ ይታወቃል። ከእነዚህም አንዱ የሆነው በርበሬ በረንዳ ከሀላባ፣ ከማረቆ፣ ከስልጤና ከጎጃም አካባቢዎች የሚመጣው በርበሬ በጆንያ እየተራገፈ ለከተማዋ ነዋሪ የሚከፋፈልበት ሥፍራ ነው። በዚህ ሥፍራ ባለመጋዘኑ፣ ቸርቻሪው፣ ደላላው፣ ጭነት አውራጁና በርበሬ የምትለቅመው ሴት ጎን ለጎን ሠርተው ያድራሉ። አብዛኛው ሰው የሚኖረው በዕለት ገቢ ሲሆን፣ ንግዱም የሚንቀሳቀሰው በመተማመን፣ በዱቤና በዕቁብ ነው።

በእንዲህ ዓይነት ኑሮ ላይ ላለ ቤተሰብ ሕመም ሲመጣ አብሮ የሚናጋው የንግዱ መነሻ ገንዘብ ነው። አንድ የቀዶ ሕክምና ወጪ የአንዲትን ቸርቻሪ መንቀሳቀሻ ገንዘብ በሙሉ ሊወስድ ይችላል። እድር በዋናነት የተቋቋመው ለሐዘን ጊዜ ነው፤ ዕቁብም ተራን ይጠብቃል፤ ሕመም ግን ተራ አይጠብቅም። የጤና መድን አስፈላጊነትም የሚመነጨው ከዚህ ነው። ይሁን እንጂ መዋጮውን በወቅቱ የከፈለ አባል ታክሞ ከወጣ በኋላ መድኑ ሒሳቡን ሳይከፍል ቢቀር ወይም ቢያዘገይ፣ ዕዳው በማን ላይ ይወድቃል? ይህ ጥያቄ ሕመምተኛውን ብቻ ሳይሆን የጤና ተቋማትን፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችንና የመድን ድርጅቶችን በቀጥታ የሚመለከት ነው።

የሥርዓቱ አመጣጥ

በአገራችን የጤና አገልግሎት ወጪ አሸፋፈን መሠረታዊ ለውጥ የጀመረው በ1990 ዓ.ም. በጸደቀው የጤና አጠባበቅ ፋይናንስ ስትራቴጂ ነው። በዚህ ማዕቀፍ ጤና ተቋማት የሰበሰቡትን ገቢ ለራሳቸው አገልግሎት ማሻሻያ እንዲያውሉ ተፈቀደ፤ መክፈል ለማይችሉ ዜጎችም በአካባቢ አስተዳደር ማረጋገጫ የነፃ ሕክምና የሚያገኙበት አሠራር ተዘረጋ።

ቀጥሎም በ2002 ዓ.ም. የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 የወጣ ሲሆን፣ በ2003 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጤና መድን ኤጀንሲ ተቋቋመ። በዚሁ ዓመት ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በቀድሞው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ። ከአማራ ክልል ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ወረዳዎች በዚህ ሙከራ የተካተቱ ናቸው። ሥርዓቱ ከጊዜ በኋላ ወደ ሌሎች ወረዳዎች የሰፋ ሲሆን፣ በአዲስ አበባም ተግባራዊ ሆኗል። የመክፈል አቅም የሌላቸውን ቤተሰቦች መዋጮ የሚሸፍነው መንግሥት ነው።

በመደበኛው የሥራ ዘርፍ ያሉ ሠራተኞችን የሚመለከተው የማኅበራዊ ጤና መድን ግን ሠራተኛው ከደመወዙ 3 ከመቶ፣ አሠሪውም ተመሳሳይ መጠን እንዲያዋጡ የታቀደ ቢሆንም ለዓመታት በተደጋጋሚ ሲራዘም ቆይቷል። የብሔራዊ የጤና ሒሳብ ጥናት እንደሚያሳየው በ2012 በጀት ዓመት ከአገሪቱ ጠቅላላ የጤና ወጪ ውስጥ 30 ከመቶ ያህሉ በቀጥታ ከታካሚዎች ኪስ የወጣ ነው። ይህ ድርሻ መድን ያለው ዜጋ ቁጥር ቢያድግም ከኪስ የሚወጣው ገንዘብ ገና ከባድ ሸክም መሆኑን ያመለክታል።

ዕዳው የሚፈጠርበት ሥፍራ

በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አሠራር መሠረት አባሉ በጤና ጣቢያው የአባልነት መታወቂያውን አሳይቶ ይታከማል፤ ከአቅም በላይ ሲሆንም በሪፈር ወደ ሆስፒታል ይላካል። ጤና ተቋሙ የሰጠውን አገልግሎት መዝግቦ ሒሳቡን ለመድኑ ጽሕፈት ቤት ያቀርባል። ጽሕፈት ቤቱም ሰነዱን መርምሮ በውሉ መሠረት ይከፍላል። በወረቀት ላይ ሲታይ አባሉ በገንዘቡ ዝውውር ውስጥ ቦታ የለውም።

ችግሩ የሚጀምረው ይህ ሰንሰለት ሲላላ ነው። ክፍያው የዘገየበት ጤና ጣቢያ መድኃኒት የሚገዛበት ተዘዋዋሪ ገንዘብ ይጎድለዋል። የመድኃኒት መደርደሪያው ሲራቆት ሐኪሙ የማዘዣ ወረቀት ጽፎ ሕመምተኛውን ወደ ውጭ መድኃኒት ቤት ይልከዋል። በርበሬ በረንዳ ሲሸከም የዋለ ጭነት አውራጅም ለዓመቱ የከፈለበትን አገልግሎት ዳግመኛ ከኪሱ ይገዛል ማለት ነው። ይህ ወጪ በማንም መዝገብ ላይ ዕዳ ተብሎ ባይሰፍርም በቤተሰቡ ላይ ግን ዕዳ ሆኖ ይቀራል። ገንዘቡ የሚገኘው ከጎረቤት፣ ከአሠሪ ወይም ከባለ ሱቅ በብድር ነውና።

ሁለተኛው መንስኤ የአሠራር ክፍተት ነው። መታወቂያው በወቅቱ ያልታደሰ፣ ሪፈር ሳይዝ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል የሄደ ወይም በመድኑ ያልተካተተ አገልግሎት ያገኘ አባል ሒሳቡን ራሱ እንዲከፍል ይጠየቃል። እንደ መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስና የውበት ቀዶ ሕክምና ያሉት ከጅምሩ ከሽፋን ውጪ የተደረጉ ናቸው። ይሁንና ይህ ልዩነት በምዝገባ ወቅት በግልጽ ስለማይነገር አባሉ የሚያውቀው በገንዘብ ተቀባዩ መስኮት ፊት ሲቆም ነው።

ሦስተኛው በግል መድን ድርጅቶች በኩል የሚታየው ነው። በዚህ ዘርፍ ብዙ ጊዜ ታካሚው መጀመሪያ ከፍሎ ደረሰኙን ለድርጅቱ በማቅረብ ገንዘቡን ያስመልሳል። ደረሰኝ ጎደለ፣ የሐኪም ማስረጃ አልተሟላም ወይም በሽታው ከውሉ በፊት የነበረ ነው በሚል ጥያቄው ሲጓተት ነጋዴው በአንድ በኩል ካሳውን ይጠብቃል፤ በሌላ በኩል ለሕክምናው የተበደረውን ገንዘብ ይጠየቃል።

በመርካቶ ዕዳ የሚጠይቀው አካል ደብዳቤ የሚልክ የገንዘብ ሰብሳቢ ድርጅት ከመሆን ይልቅ በአብዛኛው የሚታወቅ ሰው ነው። የሆስፒታሉ የሒሳብ ክፍል፣ ዋስ ሆኖ የፈረመው የሱቅ ጎረቤት፣ ያበደረው ዕቁብተኛ ሊሆን ይችላል። በመሆኑም ዕዳው ከገንዘብ አልፎ ስምንና የገበያ አመኔታን ይነካል። በዱቤ በሚሠራ ገበያ ውስጥ አመኔታውን ያጣ ነጋዴ በሚቀጥለው ምርት ወቅት ጆንያ በርበሬ የሚያቀብለው አያገኝም።

ሕጉ ለባለ ዕዳው የሚሰጠው ጥበቃ

በዚህ ረገድ ሕጎቻችን ዝም አላሉም። ከሁሉ አስቀድሞ በሥራ ላይ እንዳለ ጉዳት የደረሰበት ተቀጣሪ ሠራተኛ የሕክምና ወጪውን የሚሸፍነው አሠሪው መሆኑን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይደነግጋል። የመጋዘን ሠራተኛ ከጆንያ ክምር ላይ ወድቆ ቢሰበር ሒሳቡ የእርሱ አይደለም። ጭነት ከሚያራግፉ ተሽከርካሪዎች ጋር በተያያዘም አዋጅ ቁጥር 799/2005 የመኪና አደጋ የደረሰበት ሰው አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ አስገድዷል፤ አዋጁ ሲወጣ ለዚህ እስከ 2,000 ብር ተወስኖ ነበር። ይህን ወጪ የጤና ተቋሙ የሚጠይቀው መድን ሰጪውን ወይም የመድን ፈንዱን እንጂ ተጎጂውን አይደለም።

የግል መድን ውልን በተመለከተ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ የመድን ክፍል አሁንም የሚሠራ ሲሆን፣ በአንቀጽ 674 መሠረት ከመድን ውል የሚነሳ ጥያቄ በሁለት ዓመት ይርጋ ይታገዳል። ስለዚህ “ነገ ተመለስ” እየተባለ በቃል የሚጉላላ ባለ ውል ጊዜው እያለፈበት መሆኑን ሊያውቅ ይገባል። የክልከላውን ምክንያት በጽሑፍ መጠየቅና የራሱንም ማመልከቻ በቁጥርና በቀን አስመዝግቦ ቅጂውን መያዝ ይኖርበታል። የመድን ድርጅቶችን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በመሆኑ ቅሬታውን ወደዚያ ማቅረብም ይችላል።

ዋስትናም ቢሆን በፈቀዱት መንገድ የሚጠየቁበት ጉዳይ አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት የዋስትና ውል በጽሑፍ መሆን ያለበት ሲሆን፣ አንቀጽ 1922 ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን በውሉ ካልተገለጸ ዋስትናው እንደማይጸና ይደነግጋል። በሆስፒታል በር ላይ “የሚመጣውን ሁሉ እከፍላለሁ” ብሎ የፈረመ የሱቅ ጎረቤት ይህን ድንጋጌ ማወቁ ይጠቅመዋል።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ በባለ ዕዳው ላይ ቢወሰን እንኳ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 404 የመኝታና የማብሰያ ዕቃን፣ የሙያ መሣሪያን፣ ለቤተሰቡ የሦስት ወር መተዳደሪያን ከመያዝ ይጠብቃል። ሕመምተኛን ሒሳብ እስኪከፍል ድረስ በሆስፒታል ግቢ ማስቀረትም ማንም ሰው ከሕግ ውጪ ነፃነቱን እንደማያጣ ከሚደነግገው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 17 ጋር የሚጣጣም አይደለም።

በእነዚህ ድንጋጌዎች ለመጠቀም ግን ባለ ዕዳው አስቀድሞ ማድረግ ያለበት አለ። ይኸውም የቀን፣ የአገልግሎትና የመድኃኒት ዝርዝር የያዘ የሒሳብ ሰነድ ሳይቀበል የዕዳ ማመኛ አለመፈረም፣ መድኑ የሚከፍለውን ከራሱ ድርሻ መለየት፣ በራሱ ድርሻ ላይም በአቅሙ ልክ ተከፋፍሎ የሚከፈልበትን ስምምነት በጽሑፍ ማድረግ ነው።

የሌሎች አገሮች ተሞክሮ

ይህ ችግር በኢትዮጵያ ብቻ የታየ አይደለም። ጋና እ.ኤ.አ. በ2003 ብሔራዊ የጤና መድን በሕግ ካቋቋመች በኋላ ለሆስፒታሎች የሚፈጸመው ክፍያ በተደጋጋሚ በመዘግየቱ፣ አንዳንድ ተቋማት የመድን አባላትን በጥሬ ገንዘብ ወደማስከፈል ተመልሰው ነበር። በጎረቤት ኬንያም ሒሳብ ያልከፈሉ እናቶችን በወሊድ ሆስፒታል ማስቀረት ሕገወጥ መሆኑን የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2015 ወስኗል።

በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት አሜሪካ ደግሞ የሕክምና ዕዳ በሦስተኛ ወገን ሰብሳቢዎች የሚጠየቅ ትልቅ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው የዕዳ አሰባሰብ ሕግ ሰብሳቢው የዕዳውን መጠንና ባለ ገንዘቡን በጽሑፍ እንዲያሳውቅ፣ ባለ ዕዳውም በ30 ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ከተቃወመ ማረጋገጫ እስኪቀርብ ጥያቄው እንዲቆም ያዛል። በአንጻሩ የሕክምና ዕዳ ከዜጎች የብድር ታሪክ መዝገብ እንዲወጣ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የወጣው የፌዴራል መመሪያ በዚያው ዓመት ሐምሌ በፍርድ ቤት ተሽሯል። ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ባለ ዕዳን የሚጠብቅ ድንጋጌ ዕዳው ከተፈጠረ በኋላ ቢረዳም፣ ዋናው መፍትሔ ዕዳው ከምንጩ እንዳይፈጠር ማድረግ መሆኑን ነው።

ከአስፈጻሚው አካል የሚጠበቀው

ከላይ ለማየት እንደተሞከረው በበርበሬ በረንዳ የሚወድቀው የሕክምና ዕዳ ሰፊው ክፍል የሚመነጨው በሁለት ተቋማት መካከል ካልተዘጋ ሒሳብ ነው። መድኑና ጤና ተቋሙ የተፈራረሙት ውል የሁለቱ ግዴታ ነው። ከሁለቱ አንዱ ሲያጓድል ጉድለቱን እንዲሞላ የሚደረገው በውሉ ላይ ያልፈረመው ሕመምተኛ መሆኑ በፍትሕም ሆነ በአስተዳደር መርሕ ተቀባይነት የለውም።

ስለሆነም የመድኑ ጽሕፈት ቤቶች የቀረበላቸውን ሒሳብ በውሉ በተወሰነው ጊዜ መርምረው ያልተከራከሩበትን ክፍል ወዲያውኑ መክፈል፣ በሚከራከሩበት ላይም ምክንያታቸውን በጽሑፍ ለተቋሙ ማሳወቅ ይጠበቅባቸዋል። ጤና ተቋማትም በበኩላቸው የተሟላ ሰነድ በወቅቱ ማቅረብና ክርክሩ እስኪያልቅ አባሉን ከመጠየቅ መቆጠብ ይኖርባቸዋል። መድኃኒት በማለቁ ወደ ውጭ የተላከ አባል ያወጣው ገንዘብ የሚመለስበት ቀላልና ግልጽ አሠራር ሊኖር ይገባል። በምዝገባ ወቅትም በሽፋኑ የተካተተውና ያልተካተተው፣ የሪፈር ሥርዓቱና የመታደሻ ጊዜው አባሉ በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ያስፈልጋል።

የመዋጮ መሰብሰቢያ ጊዜም ከኑሮው ጋር መጣጣም አለበት። በበርበሬ ንግድ የሚተዳደር ቤተሰብ ገንዘብ የሚይዘው አዲሱ ምርት ወደ ገበያ በሚገባባቸው ወራት ነው። በሌላ ወቅት የሚደረግ ጥሪ አባሉ እንዳያድስ፣ ባለማደሱም ለሕክምና ዕዳ እንዲጋለጥ ያደርጋል። እድሮችና ዕቁቦች በገበያው ያላቸውን አመኔታ በመጠቀም መዋጮን በጥቂት በጥቂቱ የሚያሰባስቡበት መንገድም ሊታይ የሚገባው ነው።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 4 መንግሥት ለጤናና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ይህ ግዴታ በበጀት ሰነድ ላይ ብቻ የሚፈጸም አይደለም። በአንድ የወረዳ የሒሳብ ባለሙያ ጠረጴዛ ላይ ያደረ የክፍያ ሰነድ በማግሥቱ አንዲት በርበሬ ለቃሚ ለልጇ ያልገዛችው መድኃኒት ሊሆን ይችላልና፣ ሰነዱን በጊዜው መዝጋት የዕለት ሥራ ከመሆን ያለፈ ሕዝባዊ ኃላፊነት መሆኑን የሚመለከታቸው አካላት ሁሉ ሊገነዘቡት ይገባል።