ከባሕር አረም በፊት የማድቤታችን አመድ



ባለፈው ስብሰባ ከማኅበሩ ገንዘብ ወጪ ተደርጎ ለጓሮ አትክልታችን ከባሕር አረም የተሠራ ፈሳሽ ማዳበሪያ ይገዛ የሚል ሐሳብ መቅረቡ ይታወሳል። ሐሳቡን ያነሡት ሰው ለሰፈሩ አሳቢ ናቸው፤ አላፌዝባቸውም። ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ስለተላለፈ ግን እኔ የምቃወምበትን ምክንያት አስቀድሜ ልጽፍ ወደድሁ።

የባሕር አረም ማዳበሪያ ይሆናል መባሉ ውሸት አይደለም። የአየርላንድና የስኮትላንድ ጠረፍ ገበሬዎች ማዕበል የተፋውን አረም በቅርጫት እየተሸከሙ የድንች መሬታቸውን ሲያለብሱ ኖረዋል። እነሱ ታዲያ ደጃቸው ላይ ያገኙትን ነው የተጠቀሙበት፤ ገበያ ወጥተው አልገዙም። አረሙ ፖታሽ የሚባለው ምግብ አለው፤ ናይትሮጅኑና ፎስፈረሱ ግን ጥቂት ነው። በጠርሙስ የሚመጣው ደግሞ በብዙ ውሃ ተበጥብጦ የሚረጭ ስለሆነ፣ ተክሉን ያነቃቃው እንደሆነ እንጂ አፈሩን አያጠግብም።

የእኛ ችግር ደግሞ አፈሩ ላይ ነው። የባምባሲ ዝናብ ከግንቦት እስከ ጥቅምት እየወረደ በአፈሩ ውስጥ ያለውን ኖራና ፖታሽ አጥቦ ይወስዳል። የሚቀረው ቀይ አፈር አሲዳማ ነው፤ በእኛ ቋንቋ ኮምጣጣ እንበለው። ኮምጣጣ አፈር ፎስፈረሱን አንቆ ስለሚይዝ፣ ማዳበሪያ ቢጨመርበት እንኳ ሥሩ አያገኘውም።

አባቴ በ1977 ዓ.ም. በሠፈራ ከወሎ ሲመጣ እኔ በእናቴ ጀርባ ታዝዬ ነበር። መሬቱ መጀመሪያ ላይ ያለ ምንም ነገር ያበቅል ነበር፣ ኋላ ደከመ፣ ይለን ነበር። በግቢያችን ያልደከመው ከማድቤቱ ጀርባ አመድ የሚደፋበት ቦታ ብቻ ነው። ዱባው የሚንዘራፈፈው እዚያ ነበር። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን አመድ ኖራም ፖታሽም ያለው መሆኑን በዱባዋ አውቃዋለች።

ዛሬስ? አመዱ ጠዋት ጠዋት ቦይ ውስጥ ይደፋል፣ ክረምት ሲገባ ቦዩ ተደፍኖ ውሃው ቤታችን ይገባል። የማንጎው ቅጠል ተጠርጎ ይቃጠላል። የቡናው አተላ፣ የሽንኩርቱ ልጣጭ፣ የከብቱ እበት ሁሉ ይጣላል። ይህን እየጣልን ጠርሙስ እንግዛ ማለት ለእኔ አይገባኝም።

አንዳንዱ ብስባሽ ምስጥ ይጠራል ይላል። እውነት ነው፣ የባምባሲ ምስጥ የቤት ምሰሶም አይምርም። ምስጡ የሚወደው ግን ደረቁን ነው። ክምሩ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ርጥብ ሆኖ በየሦስት ሳምንቱ ቢገላበጥ ውስጡ ይግላል፤ በሦስት በአራት ወር ጥቁር አፈር ይሆናል። አመዱ በስሱ ይበተን፤ ከዩሪያና ከትኩስ እበት ጋር ግን አይቀየጥ፣ ናይትሮጅኑ በጠረን ተንኖ ይሄዳል። ፌስታል የተቃጠለበት አመድ አንፈልግም። ደግሞም በ2002 ዓ.ም. ምሥራቅ ወለጋ ላይ የታየው ነጭ የማንጎ ተባይ ክልላችን ስለደረሰ፣ ነጭ ነቁጥ ያለበት ቅጠል ከግቢ ግቢ አይዙር።

አንዱ መደብ በፈሳሹ፣ አንዱ በአመድና በብስባሽ ይሞከር የሚል ካለ አልቃወምም፤ እንዲያውም ውጤቱን እኔው እመዘግባለሁ። ጠርሙሱን ግን ጠያቂው በኪሱ ይግዛ።

ጉድጓዱ ከጽሕፈት ቤቱ ጀርባ ተቆፍሯል፤ ለአመዱ አጠገቡ በርሜል ተቀምጧል። አመዱ ቀዝቅዞ ይምጣ፤ ባለፈው ሳምንት ፍም ያለበት መጥቶ የማኅበሩ ቅርጫት ተቃጥሏል።

የማኅበሩ ጸሐፊ