ኩላሊቱ የማን ነው?

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው አሳብ ለብዙ የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ይጠቅማል ብዬ ስለማምን፣ በአንባቢያን አምድዎ ላይ ጥቂት ቦታ ይሰጡኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ የጻፍኩት እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

በመሥሪያ ቤታችን አንድ ባልደረባ ኩላሊታቸው ታሞ እጥበት ከጀመሩ ዓመት አልፏቸዋል። ባለፈው የደመወዝ ሰሞን የመዋጮ ሊስት ከቢሮ ወደ ቢሮ ዞረ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዲሉ፣ ተላላኪው ሳይቀር እንደ አቅሙ ስሙን አስመዘገበ፤ እኔም ፈረምኩ። ከዚያ በኋላ አገናኛለሁ የሚል አንድ ሰው መጥቶ፣ «ገንዘቡ አስቀድሞ ከተከፈለ በሩቅ ምሥራቅ በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚስማማ ኩላሊት ይገኝላቸዋል፤ የሚሰጣቸው ዘመድ መፈለግም አያስፈልግም» ብሎ ነገረን። ሁላችንም ደስ አለን። እኔ ግን ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ። ይኸውም፣ «ለመሆኑ ኩላሊቱ የማን ነው?» የሚል ነው።

እኛ የመንግሥት ሠራተኞች አንድ ወንበር እንኳ ሞዴል 19 ሳይቆረጥለት ወደ ግምጃ ቤት እንዳይገባ እንከራከራለን። ከየት መጣ፣ ማን አስረከበ፣ ማን ተረከበ ሳይባል ፊርማውን የሚያኖር የንብረት ሹም የለም። ለወንበር ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች ለሰው ልጅ አካል ሲሆን ስለ ምን ዝም እንላለን?

ነገሩ ሐሜት እንዳይሆንብኝ በማለት፣ በዚህ ጉዳይ የተጻፈውን በተቻለኝ መጠን ፈልጌ አነበብኩ። ስሟ ደጋግሞ የሚነሣው አገር ቻይና ናት። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ1984 የሞት ፍርድ የተፈጸመባቸውን እስረኞች አስከሬንና የአካል ክፍል ለሕክምና ለመጠቀም የሚፈቅድ ደንብ ወጣ። ደንቡ እስረኛው ወይም ቤተ ዘመዱ ሲፈቅድ፣ አለዚያም አስከሬኑን የሚወስድ ሰው ሲጠፋ ነው ይላል። ነገር ግን እዚያው ደንብ ውስጥ፣ ወደ መግደያው ስፍራ የሚሄደው የሐኪሞች መኪና የጤና ጥበቃ ምልክት እንዳይኖረው፣ ሐኪሞቹም ነጭ ካባ እንዳይለብሱ ታዟል። ሥራው የተቀደሰ ቢሆን ኖሮ ሐኪም ነጭ ካባውን የሚደብቅበት ምክንያት ምን ነበር?

በ2005 የዚያው አገር የጤና ጥበቃ ምክትል ሚኒስትር የነበሩት ሁዋንግ ጂፉ፣ ለንቅለ ተከላ ከሚውለው የአካል ክፍል አብዛኛው የሞት ፍርድ ከተፈጸመባቸው እስረኞች የሚወሰድ መሆኑን በማኒላ በተደረገ ስብሰባ ላይ በግልጥ ተናገሩ። ይህ ጠላት ያወራው ሳይሆን የመንግሥቱ ባለሥልጣን ራሳቸው ያመኑት ነው።

ከዚህ የከፋው ክስ የመጣው ደግሞ በ2006 ነው። ፋሉን ጎንግ የተባለው፣ አካልን በዝግታ በማንቀሳቀስና በጽሞና የሚደረግ መንፈሳዊ ልምምድ በ1992 ተጀምሮ ብዙ ሚሊዮን ሰው ከተከተለው በኋላ፣ የቻይና መንግሥት በ1999 ከለከለው። ተከታዮቹም እየተያዙ ታሰሩ። የካናዳ የፓርላማ አባል የነበሩት ዴቪድ ኪልጎርና የሕግ ጠበቃው ዴቪድ ማታስ በ2006 ባወጡት ሪፖርት፣ የሞት ፍርድ ያልተፈረደባቸው እነዚህ የሃይማኖት እስረኞች ለአካል ክፍላቸው ሲባል ይገደላሉ ሲሉ አስታወቁ። ከእስር ወጥተው የመሰከሩ ሰዎችም ደማቸው እየተቀዳ፣ ኩላሊታቸውና ጉበታቸው በመሣሪያ እየታየ እንደተመረመሩ ተናግረዋል። እስረኛውን የሚደበድብ ወኅኒ ለኩላሊቱ ጤንነት የሚያስብ ከሆነ፣ አሳቡ ለእስረኛው ነው ለማለት ያስቸግራል።

ሐኪም ላልሆንን ሰዎች ነገሩን ግልጥ የሚያደርገው ግን የልብ ነገር ነው። ሰው ሁለት ኩላሊት ስላለው አንዱን ሰጥቶ በሕይወት ሊኖር ይችላል። ልብ ግን አንድ ብቻ ናት። ስለዚህ በሥርዓቱ በሚሠራ አገር ልብ የሚጠብቅ በሽተኛ፣ ፈቃደኛ የሆነ ሰው በአደጋ ወይም በሕመም እስኪሞት ድረስ ይጠብቃል፤ ቀኑንም ማንም ሊነግረው አይችልም። በ2005 በእስራኤል አገር ያዕቆብ ላቪ ለተባሉት የልብ ቀዶ ጥገና ሐኪም አንድ በሽተኛቸው፣ በቻይና በሁለት ሳምንት ውስጥ በዚህ ቀን ልብ ይተከልልሃል ተብያለሁ ብሎ ነገራቸው። በሽተኛውም ሄዶ በተባለው ቀን ተተከለለት። እንግዲህ የልቡ መገኛ ቀን አስቀድሞ ከታወቀ፣ የባለ ልቡም መሞቻ ቀን አስቀድሞ ታውቋል ማለት ነው። ይህን ለመረዳት የሕክምና ትምህርት አያስፈልግም።

በለንደን ከተማም ሰባት አባሎች ያሉት፣ ቀድሞ በሚሎሼቪች ላይ ዐቃቤ ሕግ ሆነው በተከራከሩት በሰር ጄፍሪ ናይስ የሚመራ ሸንጎ ተሰይሞ ምስክሮችን ሲሰማ ቆይቶ፣ በሰኔ 2019 ፍርዱን አሰማ። ለብዙ ዓመታት በቻይና በብዙ ቦታ የአካል ክፍል ከእስረኞች በግድ ሲወሰድ መኖሩ ከጥርጥር በላይ መረጋገጡን፣ የፋሉን ጎንግ ተከታዮችም ምናልባት ዋነኞቹ ምንጮች መሆናቸውን ገለጠ። ስለ ዊጉር እስላሞችም በብዛት የሚደረግባቸው ምርመራ ለዚሁ ሊያገለግል የሚችል መሆኑን አመለከተ። በ2021 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ልዩ ባለሙያዎች በዚሁ ጉዳይ እጅግ መደንገጣቸውን አስታወቁ።

ለእውነት ሲባል የሌላውንም ወገን ቃል መጥቀስ ይገባል። የቻይና መንግሥት ይህን ሁሉ የፋሉን ጎንግ ወሬ ነው ብሎ ይክዳል፤ ከ2015 ጀምሮም በፈቃዳቸው ከሚሰጡ ሰዎች በቀር እንደማይቀበል አስታውቋል። የለንደኑ ሸንጎም የመንግሥት ሥልጣን የሌለው፣ በተቆርቋሪ ማኅበር ጥያቄ የተቋቋመ ነበር። ሆኖም ሸንጎው የቻይናን መንግሥት ጠርቶት ሳይቀርብ ቀረ። በ2019 የወጣ አንድ የምርምር ጽሑፍም፣ መንግሥቱ ያወጣው የለጋሾች ቁጥር በሒሳብ ቀመር የተሠራ የሚመስል መሆኑን አሳይቷል። መዝገቡ ንጹሕ ከሆነ ለመርማሪ መክፈት እንጂ መቆጣት ለምን ያስፈልጋል?

«ቻይና ወዳጃችን ናት፤ መንገዱንም የባቡሩንም ሐዲድ ሠርታልናለች፤ ይህ ነገር ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ወዳጅነቱን አልክድም። ነገር ግን ስለ ሰው ነፍስ መጠየቅ ጠላትነት አይደለም። ደግሞም ጥያቄዬ ለቻይና ብቻ ሳይሆን፣ ምንጩ የማይነገር ኩላሊት በሚሸጥበት አገር ሁሉ ላይ ነው። «የሚሞት ወንበዴ ነው፤ ኩላሊቱ ለደኅና ሰው ቢውል ምን ክፋት አለው? ፈቅዷልም ይባላል» የሚልም ሰምቻለሁ። ለዚህ መልሱ፣ በሰንሰለት የታሰረ ሰው «እሺ» ቢል ፈቀደ አይባልም። የናዚ ሐኪሞች በኑረምበርግ ከተፈረደባቸው ከ1947 ጀምሮ፣ ሰው በነጻ ፈቃዱ ካልሆነ በቀር ሐኪም አካሉን መሞከሪያ እንዳያደርገው ዓለም ተስማምቷል። ዛሬ በሃይማኖቱ የታሰረውን ወንበዴ ብለን ዝም ካልን፣ ነገ ወንበዴ የሚባለው ማን እንደሆነ አናውቅም። ነግ በእኔ ማለት ለዚህ ነው።

ሌሎች አገሮች ከወሬ አልፈው ሠርተዋል። እስራኤል በ2008 ባወጣችው ሕግ፣ በሕገ ወጥ መንገድ በውጭ አገር ለሚደረግ ንቅለ ተከላ የጤና መድን ድርጅቶች ገንዘብ እንዳይከፍሉ ከለከለች፤ በአገር ውስጥ በፈቃድ የሚሰጡትንም አበረታታች። ገንዘቡ ሲቆም ጉዞውም እጅግ ቀነሰ። ታይዋንም በ2015 ሕጓን አጠበቀች። ከዚህ የምንማረው፣ ገዢ ሲጠፋ ገበያውም እንደሚፈታ ነው። የእኛም መዋጮ ምንም በቅን ልብ ቢሰጥ፣ ከገዢዎቹ ተርታ ሊያሰልፈን ይችላል።

ስለዚህ የማሳስበው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ለሕክምና መዋጮ ስናሰባስብ ኮሚቴው የሆስፒታሉን ስም፣ የሰጪውን ፈቃድና ዝምድና የሚያስረዳ ጽሑፍ ይጠይቅ። ሁለተኛ፣ ለሕክምና ወደ ውጭ አገር የሚሄዱ ሰዎች ጉዳይ የሚመለከታቸው ክፍሎች ይህንኑ ማስረጃ ከዶሴው ጋር እንዲያያዝ ያድርጉ። ሦስተኛ፣ እኛው ራሳችን ለወገናችን መስጠትን እንልመድ። በአገራችን በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲጀመር፣ ኩላሊታቸውን የሰጡት የበሽተኞቹ ዘመዶች ነበሩ። ወንድም ለወንድሙ ሲሰጥ «የማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም።

ይህን ስል በሕመም አልጋ ላይ ያለውን ሰው ለመውቀስ አይደለም። የመጣ ሞት ፊት ለቆመ ሰው መጠየቅ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ መጠየቅ የሚገባን እኛ ጤነኞቹ ነን። በማግሥቱ ያሰብኩትን ለባልደረቦቼ ነገርኳቸው። አንዳንዶቹ በሰው ሕይወት ትቀልዳለህ ብለው ተቆጡኝ። ታማሚው ባልደረባችን ግን በሰሙ ጊዜ ብዙ ዝም ብለው ቆዩና፣ «ወረቀቱን ጠይቁልኝ» አሉ። አገናኙን ጠየቅነው። «በዚያ አገር እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም» ብሎ ሄደ፤ ወረቀቱም እስካሁን አልመጣም። የተዋጣው ገንዘብ በባንክ ተቀምጧል፤ የታማሚው ታናሽ ወንድም ከክፍለ ሀገር መጥተው ለምርመራ ደማቸውን ሰጥተዋል። እግዚአብሔር ይርዳቸው።

አክባሪዎ፤
ከአንባቢዎች አንዱ
(ከአዲስ አበባ)