ካርዱ አለ፤ መድኃኒቱስ?

አንድ የባሕር ዳር ሹም አቦ ነዋሪ የጤና መድን ካርዱን ይዞ ታከመ እንበል። ለምርመራው አልከፈለም፤ መድኃኒቱን ግን «የለም፣ ከውጭ ግዛ» ተባለ። እንግዲህ ይህ ሰው ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን እ.ኤ.አ. በ2011 በአገራችን በ13 ወረዳዎች መሞከር ሲጀምር፣ ጣናን የሚዋሰነው ፎገራ አንዱ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ጤነኛው ለታመመው ያዋጣል፤ የድሀ ድሀ ለተባሉት መንግሥት ይከፍላል። ገንዘቡ ግን ውስን ነው። አባሉ በቅድሚያ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ የተደረገውም የሆስፒታሉ ወጪ እንዳይንር ነው።

ታዲያ ጤና ጣቢያው መድኃኒት ከሌለው ማን ይሄድበታል? ስለዚህ የመጀመሪያው ብር ለጤና ጣቢያ መድኃኒት ይመደብ። አለዚያ አቅም ያለው ካርዱን ማሳደስ ይተዋል፤ የሚጎዳው ደግሞ መሄጃ የሌለው ድሀ ነው።